ለመኪና ጭራ ምን ያደርግለታል?

አንድ ሰው መኪና ሊገዛ ነው የተባለ እንደሆነ ዘመድ አዝማዱ ስንት ሰው ይይዛል፣ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ አይጠይቅም። ‹‹ምንድን ነው?›› ብሎ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ‹‹ቪትዝ›› ከሆነ ‹‹ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያ ምን አለው›› ይባላል። ‹‹ኮሮላ›› ከሆነ ‹‹እንኳን ደስ ያለህ››። ‹‹ራቭ ፎር›› ከሆነ ‹‹እሰይ! ስትለፋ ኖረህ የለ!›› ይባልና ምርቃት ይዘንባል። ‹‹ቪኤይት›› ከሆነ ምርቃቱ ይቀርና ‹‹ከየት አምጥቶ ነው?›› የሚለው ሹክሹክታ ይጀመራል። ልብ በሉ፣ መኪናው ገና ከሻጩ ግቢ አልወጣም። ሞተሩን የሰማ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደረገ ሰው የለም። ፍርዱ ግን በቅርጹ ብቻ ተሰጥቶ አልቋል። ገዢውም ይህ ፍርድ እንደማይቀርለት አስቀድሞ ስለሚያውቅ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ቅርጽ ይመርጣል፣ ቀጥሎ ‹‹ለሥራዬ ስለሚያመቸኝ ነው›› የሚል ምክንያት ይፈልግለታል። የኔ ክርክር ይኸው ነው፦ ስለመኪና ቅርጽ የምንሰጠው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከምርጫው በኋላ የሚመጣ ነው። በቅርጹ የምንገዛው ክብር ደግሞ የቅርጹ አይደለም፣ የዋጋው ነው። ዋጋ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ክብርም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ለክብር ብሎ የማይመች መኪና የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል።

ነገሩን ከሁለት ወንድማማቾች እንጀምር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ቪትዝን ለጃፓን ገበያ ሲያወጣ በዚያው ዓመት ፕላትዝ የሚባል መኪናም አወጣ። አንዱ ከሌላው ሥር የበቀለ ነው፤ የሞተሩ ዘር አንድ፣ ዳሽቦርዱ አንድ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት እንኳ በሁለቱም 2,370 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነታቸው የሚጀምረው ከኋላ ጎማ ወዲያ ነው። ቪትዝ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ፕላትዝ ግን ከግማሽ ሜትር በላይ ጭራ ይጨምራል። ጭራ የምለው የኋላ ኮፈኑን ነው፤ ስድብ እንዳይመስልብኝ። በዚህ ጭራ ምክንያት ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበት በአንድ ጣት እንኳ አልተመቸም፣ የተሳፋሪው ቁጥር አልጨመረም፣ ሞተሩ አልበረታም። ሆኖም በአዲስ አበባ ገበያ ጭራ ያለው ‹‹ሴዳን›› ተብሎ በሙሉ አፍ ይጠራል፤ ጭራ የሌለው ‹‹ኮምፓክት›› ነው፣ ድምፁም ሲጠራ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚሁ ዘር የሆነውን ያሪስን ገዝቶ ‹‹ያሪስ ነው›› ያለ ሰው ወዲያው ‹‹ሴዳኑ ነው ኮምፓክቱ?›› ተብሎ ይጠየቃል፤ ‹‹ኮምፓክቱ›› ካለ ጠያቂው ‹‹እሱም አይከፋም›› ብሎ ያጽናናዋል። ለቅሶ የደረሰው ይመስል።

የጭራ ጠበቆች የሚሉትን ሳልሰማ ልለፍ ብል ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ዕቃ ለብቻው፣ ሰው ለብቻው መሆኑ ዋጋ አለው። ከገበያ የተገዛ ሽንኩርት፣ ቅቤና ጋዝ ከሕፃናት ጋር አንድ አየር አይተነፍሱም። የቆመ መኪና ውስጥ ምን እንዳለ በመስታወት አሻግሮ የሚያይ ሌባም ኮፈን የተዘጋበትን ዕቃ አያይም። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን ዕቃ የሚጫነው በሆድ ስፋት ብቻ አይደለም፣ በአፍም ነው፤ የሴዳን ኮፈን ሆዱ ሰፊ ቢሆንም አፉ ጠባብ ነው። የጤፍ ማዳበሪያ ይውጣል፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ግን አያስገባም። ፍራሽ አይታሰብም። የኮምፓክት ወንበር ሲታጠፍ ግን ከፊት ወንበር ጀርባ እስከ ኋላ በር ድረስ አንድ ወለል ይሆናል። የበዓል ዋዜማ ላይ ቆሞ መንገድ ያየ ሰው ልዩነቱን ሳይነገረው ይረዳል። በሴዳን የሚሄድ በግ እግሩ ታስሮ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አየር እንዲያገኝ ተብሎ ክዳኑ በገመድ በግማሽ ተይዞ እየተንገጫገጨ ነው የሚሄደው። ክዳኑ ስላልተዘጋ ያ የተወራለት ክብር ሁሉ አፉን ከፍቶ፣ በላስቲክ ገመድ ተጠፍሮ ከተማ ለከተማ ይዞራል። በኮምፓክት የሚሄደው በግ ግን ቆሞ፣ በኋላ መስታወት ውጭ ውጭውን እያየ ነው። መብራት ይዟቸው ሲቆሙ ከኋላ ያለውን ሾፌር ዓይን ለዓይን ይመለከተዋል፤ ሾፌሩም መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ የሚያይበት አቅጣጫ ይጠፋዋል።

ሠርግም ምስክር ነው። የሙሽሮቹ መኪና ረጅም፣ ባለ ጭራ፣ ኮፈኑ ላይ አበባ የተነጠፈለት ነው፤ ልክ ነው፣ የዚያ ቀን ሥራው መታየት ስለሆነ በመታየቱ አይከሰስም። ያንን ክብር ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጠው ካሜራማን ግን የት ነው ያለው? ከፊት ከፊት በምትሄደው፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ በተከፈተች መኪና ውስጥ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ከጀርባው አንድ ሚዜ ቀበቶውን ጨምድዶ ይዞታል። አደባባዩን ሦስቴ ሲዞሩ፣ ክላክሱ ሲንጫጫ፣ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ቪዲዮው ላይ ግን አትገኝም። እዚህ ላይ የመገልገልና የመታየት ክርክር ከነማስረጃው ቀርቧል፤ አንዱ ይታያል፣ ሌላው ያሳያል።

‹‹ክብር ያለው ቅርጽ በዓለም የታወቀ ነው፣ እኛ የፈጠርነው አይደለም›› የሚል ይኖራል። ዓለምን ዞር ዞር ብለን እንይ። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ከ4 ሜትር ያነሰ ርዝመትና ትንሽ ሞተር ላላቸው መኪናዎች የኤክሳይስ ታክሱን ዝቅ አደረገ። የሕንድ ቤተሰብ ደግሞ እንደኛው ጭራ ይወዳል፤ ኮፈን የሌለው መኪና ይዞ አማች ቤት መሄድ ይከብደዋል። ሱዙኪ ዲዛየር እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ16 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ተሻሽሎ ሲመጣ ርዝመቱ ስንት ሆነ? 3,995 ሚሊ ሜትር። ከገደቡ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። የተቆረጠው የሰው መቀመጫ አይደለም፣ ጭራው ነው። ከጎን ሲያዩት መሐንዲሱ እየሳለ ሳለ ወረቀት ያለቀበት ይመስላል። ግን ጭራ ጭራ ነው፤ ቁራጭም ቢሆን ገበያው ተቀበለው፣ በሕንድ በብዛት ከሚሸጡት መኪናዎች አንዱ ሆነ። በአዲስ አበባ ራይድ ሲጠራ አዘውትሮ የሚመጣውም ይኸው ዲዛየር ነው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ እንግዳ የመጣ ዕለት አንደኛው ሻንጣ ጋቢና መቀመጡን ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል።

አሜሪካ ደግሞ ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ላይ ሚኒቫን የሚባለውን ቅርጽ ሲያወጣ አገሩ ‹‹ቤተሰብ ያለው ሰው መኪና ተገኘለት›› ብሎ ተሻማበት። ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ተንሸራቶ ይከፈታል፣ ሰባት ሰው ከነዕቃው ይይዛል። ከዓመታት በኋላ ግን ያው ቅርጽ ‹‹የእናቶች መኪና›› የሚል ስም ወጣለትና ሰው ሸሸው። የት ሄደ? ወደ ኤስዩቪ። ኤስዩቪ ከሚኒቫን ይልቅ ለመውጣት ከፍ ያለ፣ ለዕቃ የጠበበ፣ ነዳጅ የሚወድ ነበር፤ አንድ ጥቅም ግን ነበረው፣ ነጂውን ተራራ የሚወጣ ሰው ያስመስለዋል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ቀላል የጭነት መኪናዎችን ከአውቶሞቢል በላላ መስፈርት ነበር የያዛቸው፤ ለገበሬና ለአነስተኛ ነጋዴ የተተወችው ያቺ ቀዳዳ ኤስዩቪን ‹‹ጭነት መኪና›› አሰኝታ ወደ ቤተሰብ ጋራዥ አስገባችው። ከሕግ ቀዳዳ የገባ ክብር ማለት ይህ ነው። እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ግን ኑሯቸውን በመሪ የሚገፉ የኛ ሰዎች አሉ፤ ታክሲ የሚነዱት ሚኒቫንን አልናቁትም። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ነው የሚወጣው። አምስት ሰው ከሆነ አሥር ሻንጣ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሳይቆጠር። ይህን በቁመናው የሚያምር ኤስዩቪ ውስጥ ከነባለቤቶቹ የሚያስገባ ካለ ይሞክር። ጀርመን ብንሄድ ደግሞ ጀርባው ቀጥ ብሎ የረዘመው የዕቃ መኪና ያፈረ ሳይሆን የኮራ ሰው መኪና ነው፤ አውዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ከፖርሸ ጋር ሆኖ ያወጣው ‹‹አርኤስ 2›› የዚያ ቅርጽ ሆኖ ስፖርት መኪና ነበር። እንግዲህ አንዱ አገር የኮራበትን ሌላው ያፍርበታል። ክብሩ በቆርቆሮው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ድንበር ሲሻገር አይጠፋም ነበር።

የኛው አገር ማስረጃ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ እሱም ቪትዝ ነው። ቪትዝ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ በጃፓን ለጃፓኖች የተሠራ ነበርና ብዙዎቹ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነበሩ። ሰው ያልሰጠው ስም አልነበረም። ‹‹የሴት መኪና ነው›› ተባለ። (ሴቶች ቀድመው የሚበጃቸውን መኪና ማወቃቸውን እንደ ነቀፌታ የቆጠረ ወንድ ብዙ ነበር፤ ያው ወንድ በኋላ ሚስቱን ‹‹እስቲ ዛሬ ቁልፉን›› እያለ ሲለምን ኖሯል።) ከዚያ በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወጣ። ሞተሩ የተለቀና ዕድሜው የገፋ መኪና እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለበት። የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ አብሮ ጠበበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ሲጠራ ተሰማ። እና ምን ሆነ? ቅርጹ አልተቀየረም። በሩ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፣ ያቺ መሐል ላይ የተቀመጠች የፍጥነት መቁጠሪያ ያችው ናት። ነገር ግን ‹‹ቪትዝ አለው›› የሚለው ዐረፍተ ነገር ከማጽናኛነት ወደ ማስታወቂያነት ተሻገረ። ‹‹ነዳጅ አይበላም፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ስትሸጠው ብርህን ይመልሳል›› እያሉ የሚያወድሱት ትናንት ያላገጡበት ሰዎች ናቸው። እነዚህ ጥቅሞች ሁሉ ትናንትም ነበሩ። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው። ቮልስም እንዲሁ ናት፤ ለስንት ዘመን የመምህርና የደመወዝተኛ መኪና ሆና ኖራ ዛሬ ቀለም ተቀብታ፣ ቸርኬዋ ተወልውሎ የሰብሳቢ ጌጥ ሆናለች። ቅርጿ ግን ያችው ክብ ጀርባ ናት።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያውና የጎላው ‹‹መንገዱን አላየህም?›› የሚለው ነው። ኮብልስቶኑ፣ ጉድጓዱ፣ ክረምት ሲገባ ወንዝ የሚሆነው ቀለበት መንገድ፣ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ማስታወቂያ የተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፤ ይህ ሁሉ ከፍ ያለ መኪና ይጠይቃል ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ገጠር ወጥቶ የሚሠራ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የግንባታ ተቆጣጣሪ፣ አፋር በረሃ የሚወርድ ሰው ከፍ ያለና አራቱም ጎማው የሚስብ መኪና ቢይዝ ማንም አይፈርድበትም። እነሱን የሚመለከት ክርክር እዚህ የለም። ግን ከሲኤምሲ ቦሌ፣ ከቦሌ ሲኤምሲ የሚመላለሰውን እንጠይቀው። አንደኛ፣ ኤስዩቪ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሚስቡት በሁለት ጎማ ብቻ ነው፤ ከፍ ያለ ልብስ የለበሱ ኮሮላዎች ናቸው። ጭቃ ላይ ቁመት አይገፋም። ሁለተኛ፣ ያንኑ ኮብልስቶን፣ ያንኑ ጉብታ ላዳ ታክሲ ለስንት ዐሥርተ ዓመት ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ ሚኒባስም ሕዝብ ጭኖ በየቀኑ ያልፍበታል። ሦስተኛና የሚያስቀው፣ ከፍ ያለ መኪና የገዛው ሰው ጉድጓድ ሲያይ ከሁሉም ቀድሞ ፍሬን የሚይዝ እሱ ነው። ብዙ ብር አውጥቶበታላ! ፓራውልቱ እንዳይነካ ጎኑን አዙሮ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከኋላው ያለው ቪትዝ ደግሞ ክላክስ እያደረገ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደህንነት ነው፤ ይህን እንደ መጀመሪያው በቀልድ ማለፍ አይገባም። ሁለት መኪና ቢጋጩ ከባዱ ውስጥ ያለው ሰው ይሻለዋል፤ ፊዚክስ ነው፣ ክርክር የለውም። ልጆቹን ይዞ ሌሊት ከሲኖትራክ ጎን ለጎን የሚነዳ አባት ትልቅ መኪና ቢመኝ አልፈርድበትም። ነገር ግን ሒሳቡ መኪና ውስጥ ባለው ሰው ላይ ብቻ አያልቅም። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የአሜሪካው የኢንሹራንስ ድርጅቶች የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ የፊት ኮፈናቸው ከመሬት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ያለ መኪናዎች ኮፈናቸው ከ76 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጥና ተዳፋት ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ እግረኛ ሲገጩ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ዝቅ ያለው መኪና እግር ይመታል፤ ከፍ ያለው ደረትና ጭንቅላት። ከፍ ያለ ኮፈን ያለው መኪና ፊት ለፊት ያለ ሕፃን ለነጂው ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ትምህርት ቤት በር ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከፍ ከፍ ያሉ መኪናዎች ተደርድረው ልጅ ሲያወርዱ ያየ ሰው የኔ ልጅ ደህንነት የሌላው ልጅ ስጋት የሚሆንበትን ቦታ አይቷል። ስለዚህ ‹‹ለደህንነት ነው›› የሚል ሰው የማንን ደህንነት እንደሆነ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርስልን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ሐቀኛ ስለሆነ እወደዋለሁ፦ ‹‹ክብርም ጥቅም ነው!›› ይላል። በቪትዝ የመጣውን የሆቴል ጥበቃ መታወቂያ ይጠይቀዋል፣ የኋላ በሩን ያስከፍተዋል፣ ከመኪናው ሥር በመስታወት ያያል። በላንድክሩዘር ለመጣው በሩ ከሩቅ ይከፈታል፣ ሰላምታም ይሰጠዋል። ተቋራጭ ጨረታ ሊነጋገር ሲሄድ፣ ነጋዴ ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ፣ አማች ሽማግሌ ሲልክ መኪናው ከሰውዬው ቀድሞ ይናገራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። መኪናው የቢሮው ምልክት ለሆነ ሰው መታየት ራሱ ሥራ ነው፤ እንደ ሥራ ዕቃ ይግዛው፣ ወጪውንም እንደ ሥራ ወጪ ይቁጠረው። ችግሩ ይህን ምክንያት ጨረታ የማያውቅ፣ ሆቴል በዓመት አንዴ ለሠርግ የሚገባ ሰው ሲዋሰው ነው። ጥበቃው ለአንድ ደቂቃ ከፍ ያለ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ማደያ ላይ ግን ወረፋውን የሚጠብቀው፣ ጎማ ሲቀይር የአራቱን ዋጋ የሚሰማው፣ ሕንጻ ሥር ያለው ፓርኪንግ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ላቡ የሚንጠፈጠፈው እሱ ራሱ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ አንድም አድናቂ የለም። አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ብቻ ‹‹ቁረጥ! ቁረጥ! መልስ!›› ይለዋል።

ስለ ፒክአፕ ብዙ አልልም፤ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ የሚይዝ ሰው ‹‹ለሥራ ነው›› ሲል የጭነቱን ወለል ማየት ይበቃል። ቀለሙ ካልተጫረ ሥራው ገና አልተጀመረም።

ይልቅ ስለ እንግዳ ቀን ልናገር፤ የብዙ ሰው ምርጫ የሚበላሸው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ‹‹ዘመድ ከክፍለ ሀገር ቢመጣስ? ለጥምቀት ጎንደር ብንሄድስ? እናቴ ብትታመምና ተኝታ መሄድ ቢኖርባትስ?›› እያለ ሰው በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ለምትመጣ ቀን የሚሆን መኪና ይገዛና የቀረውን ቀን ሁሉ ባዶ ወንበር ይዞ ይዞራል። ጠዋት ከየሰፈሩ የሚወጡትን ትልልቅ መኪናዎች መስታወት አሻግሮ ላየ፣ ውስጣቸው ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰውና አንድ ኮት ነው። ሰባት ሰው የሚይዘው መኪና አንድ ሰው ይዞ ሲሄድ፣ ከጎኑ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዘው ሚኒባስ ስንቱን እንደያዘ ረዳቱ ራሱ አያውቅም። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተሸጡት አዳዲስ አውቶሞቢሎች 48 በመቶው ኤስዩቪ ነበሩ፤ እያንዳንዱም ከመካከለኛ መኪና ከ200 እስከ 300 ኪሎ ይከብዳል። ይህ ማለት ሁለት ሦስት ኩንታል ጤፍ ሳያወርድ ዕድሜውን ሙሉ እንደሚዞር መኪና ነው፤ ጤፉ ቢኖር እንኳ ይበላ ነበር። ለዚያች ለእንግዳዋ ቀን ትልቅ መኪና ተከራይቶ የቀረውን ቀን በሚበጅ መኪና መሄድ ለኪስ እንደሚቀል ከአንድ ወር የነዳጅ ደረሰኝ ጋር ተቀምጦ ማስላት ይቻላል። ‹‹መከራየት ያሳፍራል›› የሚል ካለ፣ ለሠርግ ድንኳንና ወንበር ስንከራይ ማን አፈረ?

‹‹ስሸጠውስ?›› የሚለው ጥያቄ ቀርቷል፤ በኛ አገር መኪና ግማሽ ባንክ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ግን ገበያው ራሱ መልሷል። ሳይንቀሳቀስ ዋጋውን ይዞ የቆየው፣ ማስታወቂያ በወጣ በማግስቱ የሚሸጠው፣ ትንሹና ሁሉም ሰው የሚጠግነው መኪና ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ የክብሩ መሰላል እንደገና ተናግቷል። ትናንት ሞተሩ ሲያጓራ መንገድ የሚለቀቅለት ቪኤይት ዛሬ ጎኑ ድምፅ የሌለው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቆሞ ‹‹አንተ በወር ለነዳጅ ስንት ታወጣለህ?›› ተብሎ ይጠየቃል። አዲሶቹ ሲመጡም የቅርጹ ጠብ አልበረደም። ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ስለተነጠፈ ወለላቸው ከፍ ይላል፣ ፋብሪካዎቹም ያንን ከፍታ በኤስዩቪ መልክ ማልበስ ቀሏቸዋል። ቢዋይዲ የሚባለው ኩባንያ ጭራ የሌለውን መኪናውን ‹‹ዶልፊን›› ብሎታል፤ በአዲስ አበባ ግን በዚያ ስም የሚጠራ ሚኒባስ ከጥንትም አለንና ‹‹ዶልፊን ገዛሁ›› የሚል ሰው በየትኛው መስመር እንደሚሠራ መጠየቁ አይቀርም።

መኪና ለመግዛት እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ እንደሆነ እንግዲህ ይህን አድርጉ። ሻጩ ግቢ ስትሄዱ ሁለት ጎልማሳ ሰውና አንድ የጤፍ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው ፊት ለፊት ቆሞ ቀለሙንና ቸርኬውን ሲያሳያችሁ አመስግኑትና ወደ ኋላ ዙሩ። ሰዎቹን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ ጉልበታቸው የት እንደሚደርስ እዩ። ቀጥሎ አስወርዷቸው፣ ወንበሩን እጠፉት፣ ማዳበሪያውን በገዛ እጃችሁ ጫኑት፣ አውርዱት። ወገባችሁ ካመማችሁ መኪናውን ተዉት። ደላላው ‹‹ምነው፣ መኪና ነው ወይስ ወፍጮ ቤት የምትገዙት?›› ብሎ ቢስቅ ይሳቅ፤ ዋጋውን የምትጠይቁት ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።